ፑንቲና ወጥቶ ኤሌክትሮኒክ ሲገባ ታይሚንጉም አብሮ ይስተካከል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 1600 ሞተር ያለው አሮጌ ፎልክስዋገን አለኝ። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተሩ 009 የሚባለው፣ የቫኪዩም ቱቦ የሌለው ነው። በየጊዜው ፑንቲና ማጥራት ሰለቸኝና ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚገባውን ኤሌክትሮኒክ ኪት ገጠምኩ። ሞተሩ በአንዴ ተነሳ፤ ደስ አለኝ። ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ግን ይንኳኳል፣ ከበፊቱም ይበልጥ ይሞቃል። ኪቱን አውጥቼ ፑንቲናውን ልመልስ?

መልስ፦ አታውጣው ወንድሜ። ኪቱ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ያልተሠራው ታይሚንጉ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚያገኝባት ቅጽበት ነው። እሱ እስኪስተካከል ድረስ ግን መኪናውን ዳገት አታስወጣው። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር እየተንኳኳ ከተነዳ ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፑንቲና ጊዜ ካንዴላው እሳት የሚያገኘው ፑንቲናው በተከፈተባት ቅጽበት ነው። ያኔ ወደ ቦቢናው የሚሄደው ኤሌክትሪክ ይቋረጥና ቦቢናው ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል በሺህ የሚቆጠር ቮልት ሆኖ ወደ ካንዴላው ይሄዳል። ኪቱም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፤ ልዩነቱ ዘንጉ ላይ የተሰካው የማግኔት ቀለበት በፊቱ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ሴንሰሩ መሆኑ ነው። ታዲያ ሴንሰሩ የሚያቋርጥባት ቦታና ፑንቲናህ ይከፈትባት የነበረችው ቦታ አንድ አይደሉም። ዲስትሪቢዩተሩን ንክች ሳታደርገው ታይሚንጉ ተነቃንቋል ማለት ነው። ያንተው ደግሞ ቀድሟል፤ መንኳኳቱም ሙቀቱም የሚሉት ይሄንን ነው።

አሁን የታይሚንግ መብራት፣ ማለትም ካንዴላው እሳት ባገኘ ቁጥር ብልጭ የሚለውን መብራት ፈልግ። በፑንቲና ጊዜ ሞተሩን አጥፍቶ በትንሽ አምፖል ታይሚንግ መያዝ ይቻል ነበር፤ ለኪት ግን ይሄ ዘዴ አያስተማምንም፣ ቁልፉን ከፍቶ መቆየቱም ሞጁሉን፣ ማለትም የኪቱን ኤሌክትሮኒክ ክፍል ሊያቃጥለው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሚኒሞ ላይ ብቻ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) አስተካክሎ መሄዱ ላይ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር ሲዞር ክራንክሻፍቱ በሰከንድ አንድ ሺህኛ ውስጥ 5 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። 3000 ዙር ላይ ግን በዚያችው ቅጽበት 18 ዲግሪ ይዞራል። ቤንዚኑ ደግሞ ለመቃጠል ጊዜ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፍጥነት ሲጨምር እሳቱ ቀድሞ መምጣት አለበት። ይህን የሚሠሩት ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶችና ሞላዎች ናቸው። ሞላው ከላላ ወይም ክብደቱ ከደረቀ ሚኒሞ ላይ ቆንጆ የነበረው ታይሚንግ ከፍ ሲል ተበላሽቶ ታገኘዋለህ። ለ009 ዋናው ቁጥር የላይኛው ነው፦ ከ3000 ዙር በላይ፣ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ቀድሞ።

የክራንክሻፍቱ ፑሌጃ ላይ የ30 ዲግሪ ምልክት ላይኖር ይችላል። ራስህ ሥራው። ቀጭን ወረቀት በፑሌጃው ዙሪያ ጠቅልለህ ዙሩን ለካ፣ ለ12 አካፍል፤ የወጣው ርዝመት 30 ዲግሪ ነው። ፑሌጃው ፊት ለፊት ቆመህ ስታየው፣ ከጫፍ ምልክቱ (ፒስተኑ ጫፍ መድረሱን ከሚያሳየው) ወደ ቀኝ ያን ያህል ለክተህ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር አስምር። ፑሌጃው በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ስለሚዞር ይሄ መስመር ከጫፍ ምልክቱ ቀድሞ ይደርሳል። ወፍራም መስመር እንዳታሰምር፣ በመብራቱ ስታየው የትኛው ጠርዝ እንደሆነ ይጠፋሃል።

ሞተሩ ይሙቅ። የመብራቱን መያዣ ቁጥር 1 የካንዴላ ገመድ ላይ አድርግ፣ የዲስትሪቢዩተሩን ማሰሪያ በእጅህ ጠንከር ስትል ብቻ እንዲዞር አድርገህ አላላው። ሞተሩ ከ3000 ዙር በላይ እስኪደርስ አንድ ሰው ነዳጅ ይስጥልህ። መስመሩ ሁለቱ የሞተር ግማሾች ከሚገጥሙበት ስንጥቅ ጋር እስኪገጥም ድረስ ዲስትሪቢዩተሩን አዙር። ሮተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ካዞርከው ታይሚንጉ ይዘገያል፣ በተቃራኒው ካዞርከው ይቀድማል። ላንተ የሚያስፈልገው ማዘግየት ነው። በጣም በትንሹ አዙር፤ ዲስትሪቢዩተሩ የክራንክሻፍቱን ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር እዚያ 1 ዲግሪ ማለት እዚህ 2 ዲግሪ ነው። ከዚያ አጥብቅና እንደገና በመብራቱ እይ፤ ሲጠብቅ መንሸራተት ልማዱ ነው። እጅጌህንና ገመዱን ከቺንጊያው አርቅ፣ መብራቱ የሚዞረውን ነገር የቆመ ያስመስለዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ታይሚንጉ ልክ ከሆነ በኋላም ነዳጅ ስትረግጥ ለአፍታ ሊያንቀው ይችላል። 009 ቫኪዩም ስለሌለው ነው። ይሄንን ኪቱ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ኪት ካስገጠምኩ ወዲህ መኪናዬ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ቆይቶ ሲቀዘቅዝ ይነሳል። ከቦቢናው በፊት ባላስት ሬዚስተር (ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቀንሰው) አለው። መካኒኩ ኪቱ ፎርጅድ ነው ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ሌላ ኪት ከመግዛትሽ በፊት ቀዩ የኪት ሽቦ የት እንደተያያዘ እዪ። ከባላስቱ በኋላ ከሆነ ኪቱ ሙሉ 12 ቮልት አያገኝም። ከባላስቱ በፊት፣ ቁልፉ ሲከፈት ሙሉ ቮልት ከሚመጣበት ቦታ ይያያዝ።

ቀጥሎ ቦቢናውን ለኪ። ሁለቱንም ሽቦዎች አንሺና በመልቲሜትር ከፖዘቲቩ ወደ ኔጋቲቩ ስንት ኦም እንደሆነ እዪ። ወደ 3 ኦም ከሆነ ያለ ባላስት የሚሠራ ነው። ወደ 1.5 ኦም ከሆነ ባላስት ያስፈልገዋል። ያለ ባላስት ከተያያዘ በ4 አምፔር ፋንታ ወደ 8 አምፔር ይስባል፣ እሱም ሞጁሉም እየጋሉ የምትነግሪኝን ዓይነት መጥፋት ያመጣሉ። ኪቱ ስንት ኦም እንደሚፈልግ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። የካንዴላ ገመዶችሽ መከላከያ የሌላቸው ተራ መዳብ ከሆኑም ቀይሪያቸው፤ ሴንሰሩን ይረብሹታል። ቁልፍ ከፍቶ ሞተር ሳያስነሱ ሬዲዮ ማዳመጥም ይቅር።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በ1962 እ.ኤ.አ. የተሠራ የእንግሊዝ መኪና አለኝ፣ ማሳው ፖዘቲቭ ነው፤ ከመኪናው አካል ጋር የተያያዘው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው ማለቴ ነው። ልጆቼ ኤሌክትሮኒክ አስገባ ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ ኪቱን ከመግዛትዎ በፊት የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ያንሱና ሮተሩን ይዘው ወደ ጎንና ጎን ይግፉት። ዘንጉ ከተወዛወዘ ቡሺንጉ ተበልቷል፤ መጀመሪያ እሱ ይሠራ። ኪት የተበላ ዘንግ አያቃናም፣ እሳቱ ከሲሊንደር ሲሊንደር መዋዠቁ ይቀጥላል።

ዘንጉ ደህና ከሆነ ለፖዘቲቭ ማሳ የተሠራ ኪት ይጠይቁ። ለኔጋቲቭ የተሠራውን ካስገቡ ቁልፉን በከፈቱበት ቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። የዙር መቁጠሪያ ካለዎት አንዳንዱ አሮጌ ዓይነት ከኪት ጋር እንደማይስማማም ሻጩን ይጠይቁት። ፑንቲናው በደንብ እየሠራልዎት፣ ማስተካከሉንም ከቻሉበት ግን እኔ አይቸኩሉ እላለሁ። የኪት ትልቁ ጥቅም የሚሞረድ ነገር አለመኖሩ ነው፤ ፑንቲና ዘንጉን የሚነካው ክፍሉ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፣ ታይሚንጉም ቀስ በቀስ ይዘገያል። ካስገቡም አሮጌውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ከነካቻቢቴው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሞጁል መንገድ ላይ ከሞተ አይጠገንም፣ ፑንቲናውን ግን እዚያው ቆመው መልሰው ይገጥሙታል።