መልስ፦ የእህቴ የደም ግፊት በአንድ እጇ ለምን አይገኝም?

እህትህ ታካያሱ አርተራይተስ አለባት ተብሎ፣ በግራ እጇ ግፊቷ አልለካ ማለቱ እንዳስጨነቀህ ጽፈሃል። አይዞህ፣ ምክንያት አለው። በዚህ በሽታ የሰውነት መከላከያ የራሱን ትልልቅ ደም ቅዳዎች ያጠቃል፤ በተለይ ከልብ የሚወጣውን አኦርታንና ቅርንጫፎቹን። ግድግዳቸው ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ወደ ክንድ የሚሄደው ከጠበበ የእጅ ትርታው ይደክማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ይጠፋል። በዚያ እጅ የሚወጣው የግፊት ቁጥር ያሳስታል። በየትኛው እጅ መለካት እንዳለባት ሐኪሟን ጠይቁ፤ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በብዛት የሚታየው በወጣት ሴቶች ላይ ነው።

ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን፣ ቁጣውን የሚያበርደውን መድኃኒት ጀምራ ከሆነ ግን አደራ፣ ተሻለኝ ብላ በአንዴ እንዳታቆም! የሚቀንስላት ሐኪሙ ነው፣ እሱም ቀስ በቀስ። ድንገት ደረቷን ካመማት፣ ዓይኗ ካላየ ወይም አንድ ጎኗ ከዛለ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።