የቡናው ብር ለላፕቶፕ አይውጣ

ሰላም እህቴ፣

ደብዳቤሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የአይቲ ተማሪ ነሽ፣ ዘንድሮ ትመረቂያለሽ፣ ሲስተም አድሚን፣ ማለትም የድርጅት ሰርቨሮችን የሚያስተዳድር ባለሙያ፣ መሆን ትፈልጊያለሽ። ጓደኞችሽ ግን "በ8 ጊጋ ራም የትም አትደርሺም" ብለውሻል፤ አባትሽ ደግሞ ከቡናው ሽያጭ አዲስ ላፕቶፕ ሊገዙልሽ አስበዋል።

ግልጹን ልንገርሽ፣ እንዳይገዙ። ልጄን ልርዳ ማለታቸው ያስመሰግናቸዋል። ግን ያ ብር የቤቱ የዓመት ቀለብ ነው፣ የታናናሾችሽ ደብተርና ዩኒፎርም ነው። ተመርቀሽ ሥራ እስክታገኚ ድረስ "ያን ሁሉ አውጥተንብሽ" የምትባዪው አንቺ ነሽ፣ ጓደኞችሽ አይደሉም። አባትሽን እምቢ ማለት ይከብድሻል፣ ይገባኛል። ቢከብድም በያቸው።

ያለሽ ላፕቶፕ ይበቃል። ቨርቹዋልቦክስን ጫኚበት፣ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮችን (ቨርቹዋል ማሽኖችን) የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው። የኦራክል ነው፣ ነጻ ነው፣ የዋናው ፕሮግራም ኮድም ክፍት ነው። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮም ድሮ በገንዘብ ነበር፣ ከኅዳር 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ለድርጅትም ጭምር በነጻ ሆኗል። ስለዚህ በፍላሽ የሚዞረውን ክራክ አትንኪ፣ ቫይረስ ከመሸመት በቀር ምንም አታተርፊበትም።

መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ከፍተሽ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ተጫኚ። ቨርቹዋላይዜሽን "ዲሴብልድ" ካለ ባዮስ (ላፕቶፑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብተሽ አብሪው። ብዙ ሰው "የኔ ላፕቶፕ አይችልም" ብሎ የሚተወው እዚችው ጋ ነው፣ ያበሳጨኛል።

ከዚያ በቨርቹዋልቦክሱ ውስጥ ዴቢያንን፣ ነጻ የሆነውን የሊኑክስ ሲስተም፣ ያለ ዴስክቶፕ ጫኚ፣ ጥቁር ስክሪንና ትእዛዝ ብቻ። እንዲህ ሲሆን ለአንዱ ማሽን 1 ጊጋ ራም ይበቃዋል፣ ስለዚህ ዊንዶውሱ የራሱን ይዞ ሦስት ማሽኖች አብረው ይሄዳሉ። አንዱን ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይር)፣ አንዱን ዌብ ሰርቨር፣ ሦስተኛውን ሁለቱን የሚጠቀም ክላየንት አድርጊ። ፓኬጆቹን ከኢንተርኔት አውርደሽ ስትጨርሺ በ"ኢንተርናል ኔትወርክ" እርስ በርስ አገናኚያቸው። ሲሠራ ስናፕሾት ውሰጂ፣ ማሽኑ በዚያች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ ያስቀምጥልሻል። ከዚያ ሆን ብለሽ አበላሺው! የኔትወርክ ፋይሉን አጥፊ፣ ዲስኩን እስኪሞላ ሙዪው፣ ምን እንደሚል ሎጉ (ሲስተሙ የሆነውን የሚመዘግብበት ፋይል) ውስጥ ፈልጊ፣ ራስሽ ለመጠገን ሞክሪ። ካቃተሽ ስናፕሾቱ ወደነበረበት ይመልስሻል። ይህንን በእውነተኛ ሰርቨር ላይ እንድትሞክሪ ማንም አይፈቅድልሽም።

ቃለ መጠይቅ ላይ የላፕቶፕሽን ራም የሚጠይቅ ቀጣሪ አላጋጠመኝም። "ሰርቨሩ አልነሳ አለ፣ ከየት ትጀምሪያለሽ?" ነው የሚሉሽ። እኔም እዚሁ ጅማ ሰርቨር ክፍል ስቀጠር የተጠየቅኩት ይኸንኑ ነው።

መብራት ሲጠፋ ተጠንቀቂ። ባትሪው ሳያልቅ ማሽኖቹን "ሴቭ ስቴት" አድርጊያቸው (ያሉበትን አስቀምጦ ይዘጋቸዋል)፣ ድንገት ከጠፋ የማሽኑ ዲስክ ሊበላሽ ይችላል። ስናፕሾትም ባክአፕ አይደለም፣ ላፕቶፑ ከሞተ አብሮ ይሞታል፤ ስለዚህ ማሽኖቹን አልፎ አልፎ ኤክስፖርት አድርገሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪ። አባትሽ የግድ ካልገዛሁ ካሉና ላፕቶፑ አሁንም የድሮውን ሃርድ ዲስክ የሚጠቀም ከሆነ፣ በምትኩ የሚገባውን ፈጣን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ብቻ ይግዙልሽ። ልዩነቱን ያኔውኑ ታዪዋለሽ።

ስለ ውጤትሽ፦ ለመጀመሪያው ማጣሪያ ይጠቅማል፣ ከዚያ በኋላ ብዙም አይነሳም። አዲስ አበባ ሄደሽ በብር ልትማሪው ያሰብሽው የሰርተፍኬት ኮርስ ይቆይ፣ ከተቻለ ቀጣሪሽ ይክፈልልሽ። አክስትሽ የሚሉት የባንክ ሥራ ከወጣ ተመዝገቢ፣ ደመወዝ ደመወዝ ነው፤ ግን ካውንተር ላይ ከሆነ የአይቲ ክፍላቸው ውስጥ ክፍት ቦታ ሲወጣ ቀድመሽ ማመልከት አለብሽ።

የዴቢያንን ትንሹን ማውረጃ፣ ኔትኢንስት የሚሉትን፣ የራስሽን ካርድ ሳትጨርሺ ዛሬውኑ በግቢው ዋይፋይ አውርጂው።