«ዘንዶው ፊት ቆመሃል» ወይስ «ቆመሻል»? ስለ ጨዋታ መጽሐፍ ጥያቄና መልስ

የጨዋታ መጽሐፍ አንባቢው ራሱ ጀግና የሚሆንበት ምናባዊ ጀብዱ ነው። ከገጽ ወደ ገጽ በተራ አይነበብም፤ በየአንቀጹ መጨረሻ «ወደ ዋሻው ለመግባት ወደ 43፣ ወንዙን ለመሻገር ወደ 112» የሚል ምርጫ ይጠብቃል። ዛሬ ቁጥሩን የሚያገላብጠው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ነው። እኔ እንዲህ ያሉ ሥራዎችን ስጽፍ፣ ሳበላሽና ስጠግን ጥቂት ዓመታት ስላሳለፍኩ የቀረቡትን ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ከአንዱ የሕግ ቁጥር በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይህ ነገር ከየት መጣ? እኛ ልጅ ሳለን አላየነውም።

በሰፊው የታወቀው በ1979 ባንታም የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ለልጆች ማውጣት በጀመረው ተከታታይ ነው። በዚያ ምርጫ ብቻ ነበር፤ ውጊያም ዳይስም የለም። በ1982 ስቲቭ ጃክሰንና ኢያን ሊቪንግስተን በብሪታንያ 400 አንቀጽ ያለው መጽሐፍ አወጡና ሁለት ዳይስ፣ እርሳስና የጉልበት ሒሳብ ጨመሩበት። ዛሬ በኢንተርኔት የምንጫወታቸው አብዛኞቹ የዘንዶና የአስማት ታሪኮች የዚያኛው የልጅ ልጆች ናቸው።

ጥያቄ፦ ፕሮግራም መጻፍ አልችልም፣ ያለኝም ስልክ ብቻ ነው። ተስፋ አለኝ?

አለሽ። ትዋይን የተባለውን ተጠቀሚ። ክሪስ ክሊማስ በ2009 ያወጣው ነጻ መሣሪያ ነው፤ ሳይጫን በብራውዘር ይሠራል። አንቀጾቹ በሰሌዳ ላይ እንደተለጠፉ ካርዶች ይታያሉ፣ በመካከላቸውም ቀስት ይዘረጋል። ምርጫ ለመፍጠር በድርብ ቅንፍ [[ወደ ዋሻው እገባለሁ->ዋሻ]] ብለሽ መጻፍ ብቻ ነው፤ «ዋሻ» የሚል አዲስ ካርድ ራሱ ይወለዳል። በስልክ መጻፉ ጣት ያደክማል እንጂ ይቻላል። እኔ ብሆን ጽሑፉን መጀመሪያ በማስታወሻ ደብተር ጨርሼ በኋላ አስገባዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። የብራውዘሩ ትዋይን ሥራሽን የሚያስቀምጠው በዚያው በብራውዘርሽ ማኅደር ውስጥ ነው፣ ሌላ ቦታ ቅጂ የለውም። እኔ አንድ ቀን ስልኬ ሞላ ብዬ ማኅደሩን ሳጸዳ 60 አንቀጽ አብሮ ተጸዳ። አይፎን የያዛችሁ ደግሞ ሳፋሪ ለሰባት ቀን ያልተከፈተ ገጽ ያስቀመጠውን እንደሚያጠፋ እወቁ። በየቀኑ ማታ ፋይሉን አውርደሽ ለራስሽ በቴሌግራም ላኪው።

ኢንክ የሚባለው መሣሪያ በ2016 በነጻ ተለቅቋል፤ በካርድ ፋንታ እንደ ተውኔት ከላይ ወደ ታች መጻፍ ለሚወድ ይመቻል። ለጀማሪ ግን ካርዱን ማየት ያግዛል እላለሁ።

ጥያቄ፦ ታሪኬ ሠላሳ አንቀጽ ሳይሞላ መንገዱ በዝቶ ተበታተነብኝ። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

ዛፍ እየተከልክ ነው። ሒሳቡን እንሥራው። አንባቢው አሥር ጊዜ ቢመርጥ፣ በየጊዜው ሁለት አማራጭ ቢኖረው፣ መንገዶቹም ፈጽሞ ባይገናኙ 1,024 መጨረሻ መጻፍ ይኖርብሃል፤ አንቀጹ በጠቅላላ 2,047 ይደርሳል። አንዱን በግማሽ ሰዓት ብትጨርስ እንኳ ከአንድ ሺህ ሰዓት በላይ ይወስድብሃል። አንባቢህ ደግሞ በአንድ ዙር የሚያየው ከዚህ ሁሉ አሥራ አንዱን ብቻ ነው።

ከዛፍ ይልቅ ወንዝ አስብ። ወንዝ ደሴት ሲያገኝ ለሁለት ይከፈላል፣ ከደሴቱ በታች ይገናኛል። «የሚገናኝ ከሆነማ ምርጫው የይስሙላ ነው» የሚል ይኖራል። የይስሙላ የሚሆነው ታሪኩ የተመረጠውን ሲረሳ ነው።

የአርዌን አፈ ታሪክ እንውሰድ፤ በአክሱም ነግሦ ሕዝቡን ያስገብር የነበረውን ዘንዶ። በአንዱ ትረካ አንጋቦ የተባለ ሰው የተመረዘች ፍየል አብልቶ ገደለው። ጨዋታህ ገበያ ላይ ይጀምር እንበል። በእጅህ ያለው አሞሌ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል፦ ለጦር ወይም ለፍየል። ሁለቱም ምርጫዎች ወደ አንድ መንገድ፣ ወደ አንድ ወንዝ፣ ወደ አንዲት አሮጊት ደጅ ያደርሳሉ። ፍየል የገዛው ወንዙ ላይ ሲጎትት ይውላል፤ አሮጊቷ ግን ፍየሏን አይታ ጓሮዋ ስላለው መርዛም ተክል ታወራዋለች። ጦር የያዘውን ደግሞ በበሩ ቀዳዳ አይታ አልከፍትም ትላለች። የጻፍከው አንቀጽ ያው አንድ ነው፤ የተለየው ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። ከ40 አንቀጽ በኋላ ዘንዶው አፉን ሲከፍት ግን ሁለቱ አንባቢዎች ፈጽሞ የተለያየ ታሪክ ውስጥ ናቸው፣ ሁለቱም የገበያውን ቀን ያስታውሳሉ።

ይህን የሚያስታውሰው የኮምፒውተሩ ሣጥን ተለዋዋጭ ይባላል። በወረቀቱ ዘመን አንባቢው በደብተሩ አንድ ቃል እንዲጽፍ ይታዘዝና ብዙ ቆይቶ «ያንን ቃል ጽፈህ ከሆነ ወደ 210 ሂድ» ይባል ነበር። ዘዴው ያው ነው። ስለዚህ አዲስ ቅርንጫፍ ልትቀጥል ስትል ቀደም ብሎ የተመረጠ ነገር ተመልሶ የሚመጣበት ቦታ እንዳለ ፈልግ።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ «አንተ» እና «አንቺ» አይለይም። በአማርኛ ለሁሉም የሚሆን ጨዋታ እንዴት ይጻፋል? በየግሡ «ትገባለህ/ትገቢያለሽ» እያልኩ መጻፍ አስጠላኝ።

ስምዎን ስላልጻፉ እኔም «እርስዎ» ማለት ግድ ሆነብኝ። ይኸው ከመፍትሔዎቹ አንዱ በእጅዎ ገባ።

ይህ የአማርኛ ጨዋታ መጽሐፍ ዋና ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ ከመጻፍ በፊት መቆረጥ አለበት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ ይዞ የሚነሳ ሰው እዚህ ላይ መሰናከሉ አይቀርም፣ መመሪያው ስለማያነሣው። በዝንባሌ ሳይሆን ሞክሬ ያየኋቸውን ልንገርዎ። ያ ያዘመመ መስመር (/) ያለበት አጻጻፍ የመንግሥት ቅጽ ያስመስላል፤ ቅጽ እየሞላ ዘንዶ የሚፈራ ሰው አላየሁም። «እርስዎ» ጾታ አይለይም፣ ያምራልም፤ ነገር ግን አንባቢው ጭቃ ላይ ሲወድቅ «ወደቁ» ብሎ ማክበሩ ሳቅ ያመጣል። አስቂኝ ታሪክ ከሆነ እሰየው። በመነሻው ጾታን ጠይቆ በተለዋዋጭ ማስቀመጥም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ በእኛ ቋንቋ የሚለዋወጠው ተውላጠ ስሙ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ግሥ ስለሆነ ሥራው እጥፍ ይሆናል፣ አንዱን ረስተው ጀግናዋን መሐል ላይ «ሮጥክ» ማለትዎ አይቀርም።

እኔ የምመርጠው አንደኛውን መደብ ነው። «ገባሁ»፣ «ጦሬን አነሳሁ»፣ «ፈራሁ» ጾታ የለባቸውም። የምርጫው ጽሑፍም «ግባ/ግቢ» በመሆን ፋንታ «እገባለሁ» ይሆናል፤ አንባቢው ሲነካው ቃል የገባ ያህል ነው።

ችግሩ አንድ ቦታ ተመልሶ ይመጣል፦ ሌላ ገጸ ባሕርይ ጀግናውን ሲያናግር። እዚህ ላይ ቋንቋችን ይክሰናል። እንግዳ ሰው «እርስዎ» ተብሎ ይጠራ። ከዚያ አሮጊቷ ልጇን ከዘንዶው ያዳነላትን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ወይም «አንቺ» ስትል አንባቢው መወደዱን ያውቃል፤ «ከአሮጊቷ ጋር ወዳጅነትዎ በ10 ነጥብ ጨምሯል» የሚል ማስታወቂያ አያስፈልግም። ለዚያች አንዲት ቦታ ብቻ ጾታውን መጠየቅ በቂ ነው። ጠያቂዋ ራሷ አሮጊቷ ብትሆን ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላል፤ ዓይኗ ደክሟልና።

ጥያቄ፦ ዳይስ ላስገባ ወይስ ይቅር?

ካስገባህ ሒሳቡን እወቀው። በታወቀው የብሪታንያው ሥርዓት አንባቢው ሲጀምር አንድ ዳይስ ይጥልና 6 ይደምርበታል፤ ችሎታው ያ ነው። በውጊያ ሁለቱም ወገኖች ሁለት ሁለት ዳይስ ጥለው በየችሎታቸው ላይ ይደምራሉ፤ ያነሰው 2 ጉልበት ያጣል። ቀላል ይመስላል። ችሎታቸው እኩል ከሆነ ከ100 ዙር 44ቱን ታሸንፋለህ፣ 44ቱን ትሸነፋለህ፣ ቀሪው አቻ ነው። በሁለት ነጥብ ብቻ ብትበልጥ ግን 66 ታሸንፍና 24 ትሸነፋለህ። ሁለት ነጥብ ይህን ያህል ካደረገ፣ ሲጀምር 1 የጣለና 6 የጣለ ሰው የአምስት ነጥብ ልዩነት እንዳላቸው አስብ። አንደኛው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ሞቷል፤ የሚያውቀው ግን ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ለሁሉም እኩል ነጥብ ስጥና ራሳቸው ያከፋፍሉት። ሌላው ነገር፣ በኢንተርኔት ላይ አንባቢ ሲሸነፍ ኋላ መመለሻዋን ቀስት ይጫናል። በወረቀቱም ጊዜ ጣቱን በቀድሞው ገጽ መሐል ይሰካ ነበርና አትቆጣ። ከፈለግህ ቀስቷን ማጥፋት ይቻላል፤ እኔ አላጠፋትም።

ጥያቄ፦ እንቆቅልሽ ማስገባት እፈልጋለሁ። አንባቢው መልሱን በፊደል ቢጽፍ ይሠራል?

ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ፊደላችን ያጠምድሻል። መልሱ «ፀሐይ» ነው እንበል። አንዱ በፀሐዩ ፀ፣ ሌላው በጸሎቱ ጸ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ፊደል ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። አሥራ ሁለት አጻጻፍ ማለት ነው፤ ለኮምፒውተሩ አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። በትክክል መልሶ «ተሳስተሃል» የተባለ አንባቢ ጨዋታውን ዘግቶ ይሄዳል፣ መብቱም ነው። ከማወዳደርሽ በፊት ተመሳሳይ ድምፆችን ወደ አንድ ፊደል የሚቀይር መስመር ጨምሪ፤ ያ ካስቸገረሽ መልሱን በምርጫ አቅርቢው።

እንቆቅልሽ ካስገባሽ ግን የራሳችንን ሥርዓት ለምን ትተዪዋለሽ? «እንቆቅልህ» ሲባል «ምን አውቅልህ» ማለት፣ ያቃተው ደግሞ «ሀገር ስጠኝ» ሲባል ሀገር መስጠቱ ራሱ የተዘጋጀ የጨዋታ ሕግ ነው። የበሩ ጠባቂ «ሀገር ስጠኝ» ይበል፤ አንባቢው በጉዞው ካለፈባቸው መንደሮች አንዱን ይስጠው፤ ከዚያ በኋላ ያ መንደር ለእርሱ የተዘጋ ይሁን። በሌላ ሀገር ጨዋታ ይህን የመሰለ ቅጣት አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ ጨርሻለሁ። ሰው እጅ እንዴት ላድርሰው?

ትዋይን የሚሰጥህ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ነው፤ ሥዕልና ድምፅ ካልጨመርክበት በጣም ቀላል ስለሆነ በቴሌግራም መላክ ይቻላል። ነገር ግን አንዳንድ ስልክ በጨዋታው ፋንታ ባዶ ገጽ ወይም ኮዱን ያሳያል። አስተማማኙ ኢች ዶት አይኦ በተባለው የጨዋታ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማስቀመጥ ነው። ፋይሉን በላቲን ፊደል «ኢንዴክስ» ብለህ ሰይመው፣ በዚፕ ጠቅልለው፣ ስትጭነው በብራውዘር የሚጫወቱት መሆኑን ምረጥ። ከዚያ በኋላ የምታካፍለው አድራሻውን ብቻ ነው፤ ስሕተት ስታርምም ሁሉም ሰው የታረመውን ያገኛል። ስልክ ላይ ፊደሉ እንዳያንስ መጠኑን ቀድመህ ከፍ አድርገው፤ የግእዝ ፊደል በላቲን መጠን ሲታይ ዓይን ይፈጃል።

ጥያቄ፦ የምወደውን የውጭ መጽሐፍ ተርጉሜ በነጻ ብለቅስ? ገንዘብ አልቀበልበትም።

አለመሸጥ ፈቃድ አይሆንም። በእኛም አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው ጥቅም በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው፤ መተርጎምም የእርሱ ፈንታ ነው። የዳይሱን ደንብ ሐሳብ መዋስ ትችላለህ፣ የሰዎቹንና የአገሮቹን ስም ግን ተው። ፈቃድ የሚሰጥ ደራሲም አለ፤ ጆ ዴቨር በ1999 መጻሕፍቱ በኢንተርኔት በነጻ እንዲነበቡ ፈቅዶ በጎ ፈቃደኞች አዘጋጅተዋቸዋል። እርሱም ቢሆን የፈቀደው ወሰን አበጅቶ ነው።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት አንቀጽ ይበቃል? መለቀቅ ያለበትስ መቼ ነው?

ከ40 እስከ 60። አራት መቶውን ለሦስተኛው ሥራህ አቆየው። ከመልቀቅህ በፊት በካርታው ላይ ቀስት የማይገባበትንና ቀስት የማይወጣበትን አንቀጽ ፈልግ፤ የመጀመሪያው ማንም የማያነበው ነው፣ ሁለተኛው አንባቢን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ የሚቀር ነው። ከዚያ ለሦስት ሰው ስጥና አጠገባቸው ዝም ብለህ ተቀመጥ። «እዚህ ጋ እኮ ማለት የፈለግኩት...» ልትል አፍህ ይከፈታል፤ ዝጋውና ቦታውን በወረቀት ያዝ። ከሦስቱ አንዱ ሞቶ፣ ማንም ሳያዘው፣ ፍየሏን ለመግዛት ወደ ገበያው ሲመለስ ያየህ ቀን ልቀቀው።