የቤተ መጻሕፍቱ አካውንት ከመዘጋቱ በፊት

ውድ ጠያቂያችን፣

የሚድዋይፈሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ መሆንዎን፣ በተግባር ልምምድ ላይ ሳሉ የዩኒቨርሲቲዎን ኤሌክትሮኒክ ቤተ መጻሕፍት በስልክዎ ሲጠቀሙ መቆየትዎንና ሲመረቁ አካውንቱ እንደሚዘጋ የተነገርዎት መሆኑን ገልጸው፣ ከዚያ በኋላ በምን እንደሚተማመኑና ይህ ልምድ ለሥራ ፍለጋ ይጠቅምዎት እንደሆነ ጠይቀውናል። የሚዘጋው አካውንቱ እንጂ የፍለጋ ችሎታዎ ስላልሆነ፣ የቀረዎትን ጊዜ ስልክዎ ላይ መተግበሪያ ከማብዛት ይልቅ መረጃ መፈለግንና መመዘንን በሚገባ ለመማር ቢያውሉት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ የሚቀረውንና የሚሄደውን እንለይ። እንደ አፕቱዴትና ክሊኒካልኪ ያሉት የሕክምና መረጃ አገልግሎቶች በአብዛኛው የሚገኙት ተቋሙ በሚከፍለው ክፍያ በመሆኑ ከአካውንቱ ጋር አብረው ይሄዳሉ። የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ የሆነው ፐብሜድ ግን ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ሰው በነጻ ክፍት ነው፤ ፐብሜድ ሴንትራልም የብዙ ጥናቶችን ሙሉ ጽሑፍ ያለ ክፍያ ያስነብባል። ለእርስዎ ሙያ በተለይ የምመክረው የድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት ያዘጋጀውን የሕክምና መመሪያዎች መተግበሪያ ነው፤ የእናቶችንና የአራስ ሕፃናትን እንክብካቤ ያካትታል፣ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላም ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል። በተጨማሪም የዓለም ጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሂናሪ፣ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ለሚገኙ ተቋማት መጽሔቶችንና መጻሕፍትን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያቀርባል። የሚመዘገበው ግለሰብ ሳይሆን ተቋም ስለሆነ፣ ሥራ የሚጀምሩበት ሆስፒታል ተመዝግቦ እንደሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠይቁ። ተቋሙ ተመዝግቦም የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላልና፣ መልሱ ቶሎ ባይገኝ ተስፋ አይቁረጡ።

ወደ ፍለጋው ልመለስ። ከወሊድ በኋላ ደም ለሚፈስሳት እናት ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው ደም መፍሰስን የሚቀንስ መድኃኒት መቼ መሰጠት እንዳለበት ማወቅ ፈለጉ እንበል። ጥያቄውን እንዳለ ከመጻፍ ይልቅ በአራት ይክፈሉት፤ ታካሚዋ ማን ናት፣ ምን ይደረግላታል፣ ከምን ጋር ይነጻጸራል፣ የሚጠበቀው ውጤት ምንድን ነው። ከዚያም የችግሩንና የመድኃኒቱን የእንግሊዝኛ ስያሜ ፐብሜድ ላይ ጽፈው በመካከላቸው ‹እና› የሚለውን የእንግሊዝኛ ማያያዣ በትልልቅ ፊደላት (AND) ያስገቡ፤ ማጣሪያውንም በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሰብስበው ወደሚመዝኑት ስልታዊ የጥናት ግምገማዎች ያጥብቡት። ግምገማዎቹ ከሚጠቅሷቸው ጥናቶች መካከል በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመውንና በ21 አገሮች 20,000 ያህል እናቶችን ያሳተፈውን ትልቅ ጥናት ያገኛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱን የመከረው ሌሎች መድኃኒቶች ደሙን ማቆም ሲያቅታቸው ነበር፤ በ2017 ግን ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ሰዓታት ውስጥ ከመደበኛው ሕክምና ጋር 1 ግራም በደም ሥር እንዲሰጥ ምክሩን አሻሻለ። ከዚያ ዓመት በፊት የታተመ መጽሐፍ ወይም ሳይታደስ የቆየ መተግበሪያ ይህን አይነግርዎትም፤ በደም መፍሰስ ጊዜ ደግሞ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላል። ስለዚህ ማንኛውንም መተግበሪያ ከማመንዎ በፊት አዘጋጁ ማን እንደሆነና መጨረሻ የታደሰው መቼ እንደሆነ ይመልከቱ።

ለቀጣሪም የሚያቀርቡት ይህንኑ ነው። ሲቪዎ ላይ «ኢንተርኔት መጠቀም እችላለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አይጨምርልዎትም፤ በየትኞቹ የመረጃ ቋቶች እንደሠሩና ያገኙትን መረጃ ለምን እንዳዋሉት፣ ለምሳሌ ለመመረቂያ ጽሑፍዎ ወይም በሆስፒታል ዎርድ ላደረጉት ገለጻ፣ በአንድ መስመር ይጻፉ። በቃለ መጠይቅ ላይም ከላይ እንዳየነው ያለ አንድ ጥያቄ ከመነሻው እስከ መልሱ ቢተርኩ፣ ለታካሚ ደኅንነት የሚጠነቀቅ ባለሙያ መሆንዎ ይታያል። ከተቀጠሩ በኋላ ግን የዎርዱ መመሪያ አርጅቶ ቢያገኙት በራስዎ አይለውጡት፤ ምንጩን ይዘው ለዎርዱ ኃላፊ ያቅርቡ። አዲስ ገቢ ባለሙያ በዚህ መልኩ ሲቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ይደመጣል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በታካሚ ፊት ስልክዎን ሲያወጡ የመድኃኒቱን መጠን እያረጋገጡ መሆኑን ይንገሯት፤ ካልነገሯት ትኩረትዎ ሌላ ቦታ ያለ ሊመስላት ይችላል። ስሟንና የካርድ ቁጥሯንም ምንም መተግበሪያ ውስጥ አያስገቡ።

ከመመረቅዎ በፊት በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል የከፈቷቸውን የግል አካውንቶች፣ ያስቀመጧቸውን ፍለጋዎችና ዞቴሮን የመሰሉ የዋቢ መያዣዎችን ጨምሮ፣ ወደ ግል ኢሜይልዎ ያዛውሩ። ሊዘጋ ነው ብለው መጽሔቶችን በጅምላ ማውረድ ግን ፈጽሞ አይሞክሩ፤ የፈቃድ ውሉን ስለሚጥስ አሳታሚው የመላውን ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሊያግድ ይችላል። ከዚህ ይልቅ የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ቀርበው ያነጋግሩ፤ ተመራቂዎች በአካል መጥተው በግቢው ኮምፒውተር መጠቀም ይፈቀድላቸው እንደሆነና ለተመራቂዎች ክፍት የሚሆኑ የመረጃ ቋቶች ካሉ ይጠይቋቸው።