ኦሃዮና ሚሺጋን ሊገናኙ ነው፤ ደብዳቤያችሁም ተከምሯል

ኖቬምበር ሲገባ የዚህ ዓምድ ደብዳቤ ፀባዩ ይለወጣል። ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ ሩጫ ጫማ የሚጠይቀኝ ሰው ይጠፋና ሁሉም ሰው ነገር ፈላጊ ይሆናል። ምክንያቱ ይታወቃል። ኦሃዮ ስቴትና ሚሺጋን የተባሉት ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ከታንክስጊቪንግ (ሐሙስ ከሚውለው የአሜሪካ የምስጋና በዓል) ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወታሉ፣ ዘንድሮ የማስተናገድ ተራው የኦሃዮ ስቴት ከተማ የኮለምበስ ነው። ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፣ እኔ ሚሺጋን ነኝ፣ ሰማያዊ ለባሽ፤ ቀዮቹ ኦሃዮ ስቴቶች ናቸው። ገለልተኛ መልስ የፈለገ ሌላ ገጽ ይግለጥ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። እኔ የእግር ኳስ ሰው ነኝ፣ አሜሪካ ከመጣሁም ብዙ አልቆየሁም። ኤንኤፍኤል የሚባለው ፕሮፌሽናል የፉትቦል ሊግ በመጠኑ ገብቶኛል። የተማሪ ጨዋታ ለማየት ግን መቶ ሺህ ሰው ብርድ ላይ የሚቆመው ምን ነክቶት ነው? (አንባቢ፣ ከሲያትል)

መልስ፦ ቁጥሩን እንኳ አላጋነንክም። አን አርበር ያለው የሚሺጋን ስታዲየም 107,601 ሰው ይይዛል፣ የኦሃዮ ስቴት ደግሞ 102,780። ነገሩን ግን ገልብጠህ ነው ያየኸው። ተማሪዎቹ የትልቁ ሊግ ታናናሾች አይደሉም፣ ጨዋታው ራሱ የተጀመረው እነሱ ዘንድ ነው። የመጀመሪያው የኮሌጅ ግጥሚያ ተብሎ የሚቆጠረው ረትገርስና ፕሪንስተን በ1869 ያደረጉት ነው። ኤንኤፍኤል የተመሠረተው በ1920 ነው። ሚሺጋንና ኦሃዮ ስቴት በ1897 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ፕሮፌሽናሉ ሊግ የሚባል ነገር አልነበረም። (34 ለ 0 አሸንፈናል። ባትጠይቀኝም እነግርሃለሁ።) ከ1918 ወዲህ ደግሞ በኮቪድ ምክንያት ከተሰረዘው ከ2020ው በቀር በየዓመቱ ተጫውተዋል።

ሁለተኛው ነገር ጉርብትና ነው። በ1835 ኦሃዮና ሚሺጋን ቶሊዶ በምትባል ከተማ ሰበብ ሚሊሻ አሰልፈው ድንበር ላይ ተፋጠው ነበር። በመጨረሻ ቶሊዶ ለኦሃዮ ተሰጠች። ሚሺጋን በምትኩ በሰሜን በኩል ያለውን ሰፊ መሬት አገኘችና በ1837 ስቴት ሆነች። የፉትቦሉ ጸብ ከዚያ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይዋጥልኝም፣ በመካከሉ ስድሳ ዓመት አለ። እውነቱ ከዚያ ቀለል ያለ ይመስለኛል። ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች የሚራራቁት በመኪና የሦስት ሰዓት መንገድ ገደማ ነው። የዚያኛው ደጋፊ ቢሮህ ውስጥ አጠገብህ ተቀምጧል፣ ወይ የሚስትህ ወንድም ነው። ቅዳሜ ብትሸነፍ ሰኞ ጠዋት ታገኘዋለህ። አንተ በለመድከው ሊግ ደርቢ ላይ ብትሸነፍ የመልስ ጨዋታ አለልህ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደምህን ትመልሳለህ። እዚህ መልስ የለም። ዓመት ሙሉ ሙድ እየተያዘብህ ትከርማለህ።

ጥያቄ፦ አንተ ሰማያዊ! 27 ለ 9! ያውም አን አርበር ድረስ መጥተን፣ በረዶ ላይ። ምነው ያን ሰሞን ድምፅህ ጠፋ? አራት ዓመት በተከታታይ አሸነፍን እያልክ ስታቃጥለን ኖረሃል። በ2024 አሸነፋችሁንና ምን አገኛችሁ? ዋንጫውን የወሰድነው እኛ ነን። (ቀዩ፣ ከኮለምበስ)

መልስ፦ ድምፄ አልጠፋም፣ ጉንፋን ይዞኝ ነበር። የ2025ቱን ተቀብያለሁ፣ በሁሉም ነገር በልጣችሁናል።

የዋንጫው ነገር ግን ቁም ነገር ስላለው እንነጋገርበት። ለማያስታውሱ ሰዎች፣ በ2024 ሚሺጋን ኮለምበስ የገባው አምስት ጊዜ ተሸንፎ ነው። ኦሃዮ ስቴት በደረጃ ሰንጠረዡ ሁለተኛ ነበር። ማንም ግምት አልሰጠንም፣ እኔ ራሴ አልሰጠሁም። 13 ለ 10 አሸነፍን። ከዚያ የኛ ልጆች ባንዲራችንን ሜዳው መሃል ሊተክሉ ሲሉ ድብድብ ተነሣ፣ ፖሊስ በርበሬ ረጨ፣ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎች እያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ተቀጡ። አሰልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር ብላችሁ የጮሃችሁትም እናንተው ናችሁ። ሻምፒዮኑ የሚለይበት ፕሌይኦፍ በዚያው ዓመት ወደ 12 ቡድን ባይሰፋ ኖሮ ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር። ሰፋና ዕድል አገኛችሁ፣ ተጠቀማችሁበትም፣ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 ኖትር ዴምን 34 ለ 23 አሸንፋችሁ ሻምፒዮን ሆናችሁ። ያ በጨዋታ የተገኘ ዋንጫ ነው፣ አልነካውም።

አሁን ደብዳቤህን መልሰህ አንብበው። በምን ጀመርክ? በዋንጫው አይደለም። በ27 ለ 9 ነው የጀመርከው። ዋንጫው የ2024ቱን ሽንፈት አጥቦት ቢሆን ኖሮ ይህንን ነጥብ እንዲህ በቃለ አጋኖ አትጽፈውም ነበር። የራሳችሁ ዩኒቨርሲቲም ይህን ያውቃል። ከ1934 ጀምሮ ሚሺጋንን ላሸነፈ ተጫዋች ትንሽዬ የወርቅ ሱሪ ይሰጣል፣ ለዚህ ጨዋታ ብቻ የተሠራች ጌጥ ናት። በ2021 ገብተው በ2024 የጨረሱት ልጆች የሻምፒዮን ቀለበት አጥልቀው ነው የወጡት። ሱሪ ግን የላቸውም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአዘጋጁ። ወንዱ ልጄ ኦሃዮ ስቴት፣ ሴቷ ሚሺጋን ይማራሉ። ካቻምና ከጨዋታው በኋላ እስከ ገና ድረስ ተኳርፈው ከረሙ። ዘንድሮም ለታንክስጊቪንግ ሁለቱም ቤት ይመጣሉ። እባክህ ልጄ፣ ምን ላድርግ? (እናት፣ ከክሊቭላንድ)

መልስ፦ እናቴ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት። ሁለቱም ጥሩ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ እሷ ትንሽ በለጥ ያለ።

ልጆችዎ የጀመሩት ነገር አይደለም፣ ይህ ጸብ ከጥንትም የቤተሰብ ነው። ከ1969 እስከ 1978 ድረስ የነበሩትን ዓመታት ሰዎች የአሥር ዓመቱ ጦርነት ይሏቸዋል። የኦሃዮ ስቴት አሰልጣኝ ዉዲ ሄይስ፣ የሚሺጋኑ ቦ ሸምቤክለር ነበሩ። ቦ የተወለደው ኦሃዮ ነው። በተማሪነቱ በዉዲ ሥር ተጫውቷል፣ በኋላም ኦሃዮ ስቴት ውስጥ የዉዲ ረዳት ሆኖ ሠርቷል። ከዚያ ሚሺጋን ሄደና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ1969፣ የአገሪቱ አንደኛ የነበረውን የመምህሩን ቡድን 24 ለ 12 ጣለው። አሥር ዓመት ሙሉ እንደዚያ ተናነቁ፣ ግን መከባበራቸው አልተቋረጠም። ቦ ያረፈው በ2006 ከዚሁ ጨዋታ አንድ ቀን በፊት ነው፣ ያውም አንደኛውና ሁለተኛው ሳይሸነፉ የተገናኙበት ዓመት። በማግሥቱ ኮለምበስ ላይ ያ ሁሉ ቀይ የለበሰ ሕዝብ ለሚሺጋን አሰልጣኝ የኅሊና ጸሎት አደረገ። ከዚያ 42 ለ 39 አሸነፉን።

ምክሬን ከፈለጉ፣ ዝም እንዲሉ አያስገድዷቸው፣ አይሆንም። ሐሙስ በማዕድ ላይ ፉትቦል ማንሳት ክልክል ነው ይበሉ። ቅዳሜ አንድ ሶፋ ላይ ይቀመጡ፣ በየክፍላቸው ሆነው በስልክ መበሻሸቅ ነው ነገሩን የሚያከርረው። የተሸነፈው የዚያኛውን ሹራብ ለብሶ ዕቃ ያጥባል። ፎቶ ማንሳት ይቻላል፣ ለሌላ ሰው መላክ አይቻልም። እርስዎ ደግሞ የማን ደጋፊ እንደሆኑ እንዳይናገሩ። ለእኔ በደብዳቤ ቢነግሩኝ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ስለ ኦሃዮና ሚሺጋን! የአላባማና የኦበርን ዩኒቨርሲቲዎች ሲጫወቱ አይተህ ታውቃለህ? የናንተ ከኛ ጋር ሲነጻጸር የሻይ ሰዓት ወሬ ነው። (አንባቢ፣ ከአትላንታ)

መልስ፦ ይህን ክርክር ልሸነፍ እችላለሁ። አላባማ በተባለው ስቴት ውስጥ የኤንኤፍኤል ቡድን የለም፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። በ1907 አቻ ወጡና በተጫዋቾች የቀን አበልና በዳኛ ጉዳይ ሳይስማሙ ቀሩ፣ እስከ 1948 ድረስም አልተጫወቱም። 41 ዓመት! በአበል! እንዲህ ዓይነት ቂም እኛ ጋ የለም።

በ2013 ያደረጋችሁትም እስካሁን ይገርመኛል። 28 እኩል ናቸው፣ አንድ ሰከንድ ቀርቷል፣ አላባማ ከሩቅ ፊልድ ጎል ሞከረ (ኳሱን በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ማሳለፍ ነው)፣ ኳሱ አጠረ። የኦበርኑ ክሪስ ዴቪስ ከሜዳው ጫፍ ይዞት ተነሣና ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጦ ተችዳውን (ስድስት ነጥብ) አገባ። 34 ለ 28። እኔ ከሁለቱም ወገን አይደለሁም፣ ግን ቤቴ ውስጥ ጮኬያለሁ።

የዛፎቹ ነገር ግን ያስጠላኛል። ኦበርን ሲያሸንፍ ደጋፊው የሽንት ቤት ወረቀት እየወረወረ የሚያስጌጣቸው ሁለት የኦክ ዛፎች ነበሩ። ከ2010ሩ ጨዋታ በኋላ አንድ የአላባማ ደጋፊ መርዝ አፈሰሰባቸው። ደግሞ ለሬዲዮ ደውሎ ራሱ ተናገረ። ሰውየው ታሰረ፣ ዛፎቹም በ2013 ተቆረጡ። እዚህ ላይ ሙድ መያዝ የሚባለው ነገር አልቋል። ብዙ የአላባማ ሰዎች ራሳቸው ለዛፎቹ ገንዘብ ማዋጣታቸውን ግን አልረሳሁም።

ጥያቄ፦ እኔ የኦክላሆማ ስቴት ደጋፊ ነኝ። የኛ ጨዋታ እኮ ጠፋ። ማንም ትዝ ያለው አይመስልም። (አንባቢ፣ ከተልሳ)

መልስ፦ እኔን ትዝ ይለኛል፣ ባሰብኩት ቁጥርም እበሽቃለሁ። ኦክላሆማና ኦክላሆማ ስቴት ከ1910 እስከ 2023 በየዓመቱ ተጫውተዋል። ሁለት የዓለም ጦርነት አላስቆማቸውም። ያስቆማቸው የቴሌቪዥን ገንዘብ ነው። ኦክላሆማ በ2024 ወደ ሌላ ኮንፈረንስ (የዩኒቨርሲቲዎች ሊግ) ሄደ፣ ከዚያ በኋላ መርሐ ግብራችን ሞልቷል ተባለ። የመጨረሻውን 27 ለ 24 ያሸነፋችሁት እናንተ ናችሁ፣ እስኪመለስ ድረስ ያንን ይዛችሁ ተበሻሸቁ።

ሰዎች ፕሌይኦፉ መስፋቱ የነባር ባላንጣዎችን ጨዋታ ገደለው ይላሉ። እኔ አልስማማም፣ ለቀዩም ነግሬዋለሁ። ደጋፊ ሽንፈትን ይችላል፣ ዋንጫ የሌለበትን ጨዋታም ይችላል። የማይችለው ቀኑ ሲሰረዝበት ነው። ቴክሳስና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ከ2011 በኋላ 12 ዓመት ሙሉ ሳይጫወቱ ቀሩ። በ2024 የተመለሱት ሁለቱም አንድ ኮንፈረንስ ውስጥ ዳግመኛ ስለተገናኙ ነው። ካንሳስና ሚዙሪም ከ2011 በኋላ ተለያይተው በ2025 ነው የተጋጠሙት። በነዚያ ዓመታት ኮሌጅ ገብተው የተመረቁ ልጆች ጨዋታውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳያዩ ወጥተዋል። ጥላቻው ለእነሱ አባታቸው የሚያወሩት ታሪክ ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተቆረጠ መልሶ ማሞቅ ከባድ ነው፣ ምንም ያህል ማስታወቂያ ቢሠራለት።

ጥያቄ፦ ኮለምበስ ስታዲየም ሰማያዊ ኮፍያ አድርጌ ብገባ ምን ይደርስብኛል? (ተማሪ)

መልስ፦ ስድብ። በዚያ ሳምንት ካምፓሱ ውስጥ የሚሺጋን መነሻ የሆነችውን «ኤም» የምትባል ፊደል በቀይ ቴፕ እየሰረዙ የሚውሉ ሰዎች ናቸው፣ ኮፍያህን አይተው ዝም እንዲሉህ አትጠብቅ። ከጓደኛ ጋር ሂድ፣ መጠጥ አታብዛ፣ ካሸነፍን ሳትጨፍር ውጣ። መኪና ውስጥ ግን ጩኽ።

ጥያቄ፦ ማን ያሸንፋል? ባጭሩ። (ስም የለኝም)

መልስ፦ ባጭሩ አልችልም። ከ2021 ጀምሮ በተደረጉት ጨዋታዎች ኳሱን ይዞ በመሮጥ ብዙ ያርድ ያገኘው ቡድን ነው ሁልጊዜ ያሸነፈው፣ ባለፈው ዓመት ኦሃዮ ስቴትም ጭምር። ስለዚህ ኳሱን የሚወረውሩትን ኳርተርባኮች ትቼ መጀመሪያ የማየው ለሯጩ መንገድ የሚከፍተውን የፊት መስመር ነው። ኮለምበስ መሆኑ እንኳ ብዙም አያስፈራኝም፣ በ2022ም በ2024ም እዚያው ነው ያሸነፍነው። አሰልጣኛችን ካይል ዊቲንግሃም አዲስ ነው፣ ግን ለዚህ ዓይነቱ ሳምንት አዲስ አይደለም። በተማሪነቱ ለቢዋይዩ (ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ) ተጫውቶ፣ ከዚያ የቢዋይዩ ባላንጣ የሆነውን ዩታን ከ20 ዓመት በላይ በዋና አሰልጣኝነት የመራ ሰው ነው።

20 ለ 17፣ ሚሺጋን። ይህን የተነበየው ልቤ ነው። ጭንቅላቴ ሌላ ቁጥር አለው፣ እሱን ግን አልጽፈውም።