መነጽሩን ግንባራችሁ ላይ አትስቀሉት

ልጆቼ፣ እኔ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ 22 አመት ፍሬሚንግ (የቤት እንጨት አጥንት ማቆም) ሰርቻለሁ፣ አሁን ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ ቤት ነኝ፣ ግን አዲስ የመጡ ልጆቻችን ሳይት ላይ ኔይል ገን (በአየር ግፊት ሚስማር የሚተኩስ መሳሪያ) ይዘው የመከላከያ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አገር ቤት በመዶሻ የመታ ሰው ሚስማሩ ሲጣመም ያየዋል። ኔይል ገን ጊዜ አይሰጥም፣ እንጨቱ ውስጥ አንጓ ካጋጠመው ወይ ከስር ብረት ካለ ሚስማሩ ታጥፎ በጎን ይወጣል ወይ ተመልሶ ይፈናጠራል፣ ሚስማሮቹን ያያያዘው ፕላስቲክና ሽቦም እየተሰባበረ ይበራል።

አብሮኝ የሚሰራ አንድ ልጅ ነበር፣ ሀምሌ ላይ በዛ ሙቀት ላቡ መነጽሩን ሲያደበዝዝበት ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገው። የሚተኩሰው እሱ እንኳን አልነበረም፣ እንጨት ነው የያዘለት። ጠብ የምትል ድምጽ ሰማን ከዛ አይኑን በእጁ ይዞ ቁጭ አለ። እኔ ውሃ ይዤ ሮጥኩ፣ ስህተት ነበር፣ አቧራ የገባበት አይን ይታጠባል እንጂ የተወጋ አይን አይታጠብም አይታሽም፣ የተሰካ ነገር ካለ አይነቀልም። የወረቀት ኩባያ ሳይጫኑ ከላዩ ደፍቶ 911 መደወል ነው። ሀኪሙም ብረት ሊሆን እንደሚችል ይነገረው፣ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሰራው የምርመራ ማሽን) አይን ውስጥ ያለ ብረት ያንቀሳቅሳል።

ሌላው ትሪገሩ (ቃታው) ነው። አንደኛው አይነት ጣታችሁ ትሪገሩን ከያዘ አፈሙዙ የነካውን ሁሉ ይመታል፣ ስለሚፈጥን ፎርማኖች ይወዱታል። ሁለተኛው መጀመሪያ አፈሙዙን ተጭናችሁ ከዛ ስትስቡት ብቻ ነው የሚተኩሰው፣ ለእያንዳንዷ ሚስማር እንደገና። አሜሪካ ውስጥ በአናጢ ተለማማጆች ላይ በተደረገ ጥናት የአንደኛው አደጋ የሁለተኛው እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፣ ኦሻና ኒዮሽ (የሰራተኛ ደህንነት ላይ የሚሰሩ የአሜሪካ መንግስት መስሪያ ቤቶች) እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት መመሪያም ሁለተኛውን ነው የሚመክረው። ስትገቡ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፣ ሚስማር ሲቀረቀርም መጀመሪያ የአየር ቱቦውን ንቀሉ።

መነጽሩ ላይ ዜድ87 (Z87) የሚል ጽሁፍ ፈልጉ፣ ፕላስ (+) ካለበት የበለጠ ምት ይችላል። የማንበቢያ መነጽራችሁ አይተካውም፣ ከላዩ የሚደረብ አለ። ተራውን ሴፍቲ ግላስ (የመከላከያ መነጽር) መግዛት ያለበት አሰሪው ነው፣ ህጉ ነው፣ ወረቀት የሌላችሁም ብትሆኑ ኦሻ ይመለከታችኋል፣ እባካችሁ ፈርታችሁ ዝም አትበሉ። ከደበዘዘባችሁ ከመሰላሉ ውረዱ፣ ከሚተኩሰው ራቅ በሉና ጥረጉት።

ያ ልጅ ዛሬ ሻይ ሲቀዳ ጣቱን ብርጭቆው አፍ ላይ ያደርጋል፣ በአንድ አይን ርቀቱን መለየት ስለሚቸግረው።