ጉዶ በረት መንገዱ ላይ አለች?

የሚኒባስ መሪ ከለቀቅሁ ጥቂት ዓመታት ሆነኝ። ግን ጠዋት ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ በር ላይ ሻይ ካልጠጣሁ አይነጋልኝም። በዕቁብና በብድር ሚኒባስ የገዛችሁ ልጆች እዚያ ታገኙኛላችሁ። ጥያቄያችሁ ሁሌ አንድ ነው። «ጋሼ፣ የትኛው መስመር ያዋጣል?»

መልሴን አትወዱትም። መኪናው የእናንተ ነው፤ መስመሩ ግን አይደለም። ማኅበር ገብታችሁ ታፔላ ስትሰቅሉ መንገዱን የሸጠላችሁ የለም፤ በአደራ ነው የተሰጣችሁ። በ2014 ክረምት የነዳጅ ድጎማው ለሌላው ሲነሣ ለሕዝብ ትራንስፖርት ቀረለት። በቴሌብር የቀዳችሁት ርካሽ ነዳጅ ለዓይናችሁ ሲባል አልነበረም፤ ለተሳፋሪው ነው።

መርከብ ላይ የሚሠራ የወንድሜ ልጅ ስለ ማኒላ ሲያወራኝ፣ እዚያም ዩቪ ኤክስፕረስ የሚባሉ እንደኛው ያሉ ቫኖች አሉ አለኝ። ፈቃዱ ከነመስመሩ ነው የሚሰጠው። ያለ ፈቃድ የሚጭነውን «ኮሎረም» ይሉታል። ስድቡ ደስ አለኝ። ለእኔ ግን ከእሱ የሚብሰው ታፔላ ሰቅሎ መስመሩን የሚቆርጠው ነው። እኔም አድርጌዋለሁ።

ደብረ ሲና መስመር ስሠራ ነው። መሐል መንገድ ላይ ጉዶ በረት የሚወርድ ሰው ሂሳቡ ትንሽ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ወንበሩ ባዶውን ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ረዳቴን «ደብረ ሲና ብቻ ብለህ ጥራ» አልኩት። አንድ ቀን ወደ ማታ አንዲት እናት መጡ። ጋቢ ደርበዋል። በያዙት ፌስታል ውስጥ ጨውና የመድኃኒት ካርቶን ይታያል። «ጉዶ በረት አንጭንም» አላቸው ረዳቴ። በመስተዋት አየኋቸው። ከእኔ በኋላ የሚወጣ መኪና እንደሌለ አውቅ ነበር። ዝም አልኩ።

በነጋታው ውርጩ ሳይለቅ ስመጣ እዚያው ናቸው። ሱቅ በረንዳ ላይ አድረዋል። የደብረ ብርሃንን የኅዳር ሌሊት ለምታውቁት አላስረዳም። ወደ መስኮቴ ጠጋ አሉና፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ልጄ፣ ዛሬስ ጉዶ በረት መንገዱ ላይ አለች?» አሉኝ።

ጋቢና አስቀመጥኳቸው። የደብረ ሲናን ሙሉ ሂሳብ ቆጥረው ዘረጉልኝ። ስመልስላቸው እጃቸው በረዶ ነበር። እስኪወርዱ ድረስ አልተነጋገርንም።

ከዚያ በኋላ የጉዶ በረትን ሰው መጫን ጀመርኩ። አንዱ ሲወርድ ቁልቁል የሚሄድ ሌላ ሰው እዚያው ቆሞ አገኝ ነበር። ወንበሩ ባዶውን የሄደባቸው ቀኖችም ነበሩ፤ አልዋሽም።

ከጉዶ በረት ወዲያ ስላለው ጣርማ በር አንድ ነገር ብቻ። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ስታልፉ የሚጠብቃችሁ ጭጋግና ቁልቁለት ነው። በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬን ላይ አትተኙ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ከሸተታችሁ ዘግይታችኋል። ትርፍ ከጫናችሁማ አታንሡት።

ነገም በሩ ላይ ነኝ። ረዳቶቻችሁ ምን ብለው እንደሚጣሩ እሰማለሁ።